ፓዴሩና አራኩ፦ ቡናው፣ ኑጉ፣ መሬቱ

ደጋማው፦

ሕንድ አገር አንድራ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ኢትዮጵያዊ ብዙ ስለሆነ «አራኩ» የሚለው ስም ለዚህ መድረክ እንግዳ አይደለም። ከቪዛግ (ከወደብ ከተማዋ ከቪሻካፓትናም) በባቡር መውጣት፣ የቦራ ዋሻን ማየት፣ አንድ ሲኒ ቡና ጠጥቶ በማግስቱ መመለስ የተለመደ ነው። ስለ ባለአገሩ ግን እምብዛም አይወራም። በሌላ ክር ላይ «የአራኩ ቡና የአንድ ትልቅ እርሻ ምርት ነው» ተብሎ ተጽፎ ስላየሁ ለብቻው ክር ከፈትሁ። አንድም ትልቅ እርሻ የለም። ያለው በሺህ የሚቆጠር የገበሬ ማሳ ነው፣ አብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ኤከር (ኤከር ማለት የሄክታር 0.4 ነው)።

መነሻውን ላስቀምጥ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፓዴሩ በምሥራቅ ጋትስ ተራሮች ላይ፣ ወደ 900 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ኤፕሪል 4 ቀን 2022 የአንድራ ፕራዴሽ ክልል አውራጃዎቹን እንደ አዲስ ሲሸነሽን «አሉሪ ሲታራማ ራጁ» የሚባል አውራጃ ተመሠረተና ፓዴሩ ዋና ከተማው ሆነች። አራኩ በዚሁ አውራጃ ውስጥ ነው። ከነዋሪው ከአምስቱ አራቱ በሕግ «የተመዘገቡ ነገዶች» ከሚባሉት ነው፦ ባጋታ፣ ኮንዳዶራ፣ ኮንድ፣ ፖርጃ፣ ጋዳባ፣ ቫልሚኪ፣ ኮቲያ፣ እንዲሁም ብረት ቀጥቃጮቹ ካማራዎች። ቴሉጉ የቢሮና የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው። ኮንዶች በቤታቸው ኩቪ ይናገራሉ፤ በሳምንታዊው ገበያ ነገዱ ሁሉ የሚግባባበት ደግሞ አዲቫሲ ኦሪያ ነው። የቆላው ሰው ተራራውን በሙሉ «ኤጀንሲ» ይለዋል፣ ከእንግሊዞች አስተዳደር የቀረ ስም ነው። ከዚያ የሚቀድመው ስሙ «ማንያም» ነው።

የምታውቁትን ጨምሩበት።

ቀይ እሸት፦

ተከላው እንዲህ ነው የሚሄደው። ቡና ቀድሞ አይተከልም፣ ጥላው ነው የሚቀድመው። ባዶ በሆነ ተዳፋት ላይ መጀመሪያ ግራቪሊያ ይተከላል (እነሱ ሲልቨር ኦክ ይሉታል፣ እኛ አገር ጠርዝ ላይ የምንተክለው ያው ዛፍ ነው)። ሦስት ዓመት ገደማ ይጠበቃል። ዛፉ ጥላ መጣል ሲጀምር 45 ሳንቲ ሜትር በ45፣ ጥልቀቱም 45 የሆነ ጉድጓድ በ2 ሜትር ርቀት ይቆፈራል፤ ክረምቱ እንደገባ የቡናው ችግኝ ይገባል። በ2 ሜትር በ2 ሜትር አንድ ኤከር ወደ 1000 እግር ይይዛል።

በሦስተኛነት ቁንዶ በርበሬ ይከተላል። ቁርጥራጩ ከግራቪሊያው ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ በሰሜን በኩል ይተከላል፣ የቀትር ፀሐይ እንዳያጠወልገው። ግንዱን ይዞ ይወጣል። ቡና በአንድ ዓመት ጥሩ ሰጥቶ በሚቀጥለው የሚያርፍ ተክል ስለሆነ የብዙ ቤት ዓመታዊ ወጪ የሚሸፈነው በበርበሬው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የቡናውን ገቢ ብቻ አስልቶ «አያዋጣም» ይላል።

ግራቪሊያን ብቻ መትከል ግን አደጋ አለው። ኦክቶበር 12 ቀን 2014 ሁድሁድ የተባለው አውሎ ነፋስ ቪዛግን ሲመታ ተራራው ላይ ጥላው በገፍ ወደቀ። ከወደቀው ዛፍ ሥር ያለው ቡና ተሰባበረ፤ የተረፈው ደግሞ በአንድ ቀን ራቁቱን ፀሐይ ላይ ቀረ። ጥላ የለመደ ቡና በድንገት ሲገለጥ ቅጠሉ ይቃጠላል፣ ከዚያ በኋላ ግንድ ሰርሳሪው ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ ከግራቪሊያው ጋር ጃክፍሩት፣ ማንጎና አገር በቀል ዛፎችን መቀላቀል ይመከራል።

የዳራ ልጅ፦

እኔ አንድ ነገር ላጣራ። ሕንዶች «ታፋሪኬላ» የሚሉት የቡና ዝርያ አለ ሲባል እሰማለሁ። የእኛ ተፈሪ ኬላ ነው?

ቀይ እሸት፦

አዎ፣ የእናንተው ነው። ሲዳማ፣ ዳራ፣ ተፈሪ ኬላ። የሕንድ ቡና ቦርድ «ሰሌክሽን 4» ብሎ የመዘገበው ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ቡናዎችን ነው፦ ጮጬ፣ አጋሮና ተፈሪ ኬላ። ቦርዱ ለአራኩ አካባቢ ከሚዘረዝራቸው ውስጥ ሰሌክሽን 4 አለበት፣ ከኤስ 795፣ ከሰሌክሽን 5 እና ከካቬሪ ጋር። «ሰሌክሽን 9» የሚባለው ደግሞ ተፈሪ ኬላን ከቲሞር ድቅል ጋር አዳቅለው ያወጡት ነው። የቲሞር ድቅል በተፈጥሮ አረቢካና ሮቡስታ የተዳቀሉበት ቡና ስለሆነ የቅጠል ዋግን ይቋቋማል፤ ጣዕሙን የሰጠው የእናንተ ወገን ነው። በ2002 ቦርዱ ባዘጋጀው የቅምሻ ውድድር ምርጥ አረቢካ ተብሎ ተሸልሟል።

ካቬሪ አጭር ነው፣ ቶሎ ያፈራል፣ ብዙ ይሸከማል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ጥላውና ብስባሹ ካልተሟላለት በሁለት ሦስት ምርት ራሱን ይጨርሳል፣ የቅርንጫፉ ጫፍ እየደረቀ ወደ ግንዱ ይወርዳል። ማዳበሪያ የማይገዛ ገበሬ ረጃጅሞቹን ቢተክል ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

የዳራ ልጅ፦

በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ። ዳራ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው ይኖር ይሆን! አጠባውስ?

ቀይ እሸት፦

ለቀማው ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው። ዋናው ለውጥ የመጣው ከለቀማው ነው። ድሮ ቅርንጫፉ ባንዴ ይላጣል፣ ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ላይ መሬት ላይ ይሰጣል፣ ጀንፈሉን ገበያ ላይ የሚጠብቅ ነጋዴ በራሱ ዋጋ ይወስዳል። አሁን እሸቱን በቀይነቱ የሚረከቡ የገበሬ ማኅበራት አሉ፤ ቀይ ያልሆነ አይረከቡም። ለዚህ አንድ ማሳ በአንድ ወቅት ሦስት አራት ጊዜ ይለቀማል።

በእጅ መፈልፈያ የሚያጥብ ቤት የሚከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። እሸቱ በተለቀመበት ቀን ውኃ ውስጥ ይገባል፤ የሚንሳፈፈው ተገፎ ለብቻው ይደርቃል። የሰጠመው እዚያው ቀን ይፈለፈላል። ካደረ በከረጢቱ ውስጥ ይሞቅና ሳይፈለፈል መብላላት ይጀምራል፣ ያን ሽታ በኋላ ምንም አያወጣውም። መፈልፈያው ላይ የሚሳሳቱት ክፍተቱን ነው። ከጠበበ ፍሬውን ይቆርጣል፣ የተቆረጠውም ሲደርቅ ይጠቁራል። ከሰፋ ቆዳው አብሮ ያልፋል። በየለቀማው መጠኑ ስለሚለያይ ጠዋት በአንድ ጣሳ እሸት ሞክሮ ማስተካከል ግድ ነው።

ከዚያ ገንዳ ውስጥ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ይብላላል። በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ ወደ 36ቱ ይጠጋል፤ በሰዓት ብቻ የሚሠራ ይሳሳታል። መለየቱ በእጅ ነው፦ አንድ እፍኝ አንሥቶ ታጥቦ ሲታሽ ማሙለጭለጩ ቀርቶ እንደ ጠጠር ሲንሿሿ ደርሷል። ወይም በትር ገንዳው ውስጥ ተተክሎ ሲወጣ ቀዳዳው ሳይደፈን ይቆያል። ከዚያ ካለፈ ኮምጣጣ ይሆናል፤ አንድ የሸተተ ፍሬ ሙሉ ጀበና ያበላሻል። ሦስት አራት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ መጀመሪያ ስስ ሆኖ። በየሰዓቱ ይገላበጣል፣ ማታ ይሸፈናል፣ ከ7 እስከ 10 ቀን። የቀትር ፀሐይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገለባውን ይሰነጥቀዋል፣ ስለዚህ ቀትር ላይ መሸፈን ይሻላል። እርጥበቱ 10 በመቶ ሲደርስ ይነሣል።

ሒሳቡ፦ ከ100 ኪሎ እሸት 20 ኪሎ ያህል ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ከዚያም 16 ኪሎ ገደማ ጥሬ ቡና።

ሚዛን፦

ቡናው ጥሩ ነው፣ አልከራከርም። ግን ስሙን ያወጣለት ገበያው ነው። ናንዲ ፋውንዴሽን የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ባይገባበት፣ በ2017 ፓሪስ ላይ ሱቅ ባይከፈት፣ በ2019 ስሙን ለአካባቢው ምርት ብቻ የሚያስጠብቀውን የመልክዓ ምድር መለያ ባያገኝ ማን ያውቀው ነበር? ሌላው ጥያቄዬ ስለ መሬቱ ነው። ከነገድ ውጭ የሆነ ሰው መሬት መግዛት አይችልም የሚለው ሕግ ልማቱን አላነቀውም? መሬቱን አስይዞ ብድር የማያገኝ ገበሬ እንዴት ያድጋል?

ሰነድ፦

ስለ ገበያው ያልከው ልክ ነው። ስለ ሕጉ ግን ከጀርባው ያለውን ማየት ያስፈልጋል።

ሕጉ «አንድ ሰባ» ይባላል፣ በ1970 የወጣ ደንብ ቁጥር 1 ስለሆነ። የ1959ኙን ደንብ ያጠበቀ ነው። በተከለለው ተራራማ አካባቢ መሬት ከነገድ ሰው ወደ ሌላ አይተላለፍም፤ ሽያጭም፣ ስጦታም፣ ኪራይም ቢሆን። ሌላው ቀርቶ ሁለት ከነገድ ያልሆኑ ሰዎች እርስ በርስ እንኳ መሸጥ አይችሉም። ከሁሉ የሚከብደው አንቀጽ ደግሞ ይህ ነው፦ ከነገድ ያልሆነ ሰው የያዘው መሬት፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ከነገድ ሰው የተገኘ ነው ተብሎ ይገመታል። የማስረዳቱ ሸክም በያዡ ላይ ነው። ያ ባይኖር ኖሮ ማንበብ የማይችል ገበሬ የቆላ አራጣ አበዳሪን በምን ሰነድ ይረታዋል? መሬቱ የሚሄደው በሽያጭ ሳይሆን በዕዳ ነበር፣ በጨውና በጨርቅ ዕዳ።

በ1997 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ሳማታ» በሚባለው ጉዳይ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። መንግሥት ራሱ «ከነገድ ያልሆነ ሰው» ነው፣ ስለዚህ በተከለለው አካባቢ መሬትን ለግል የማዕድን ኩባንያ ማከራየት አይችልም አለ። ክርክሩ የተነሣው በዚሁ በአናንታጊሪ አካባቢ፣ ከአራኩ በታች ባለው ተራራ ነው።

ብድሩን በተመለከተ፦ የነገድ ሰው መሬቱን ለባንክና ለኅብረት ሥራ ማኅበር ማስያዝ ይችላል፣ በዕዳ ቢሸጥም የሚሸጠው ለነገድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ «ብድር የለም» ሳይሆን «መሬቱ ከተራራው አይወጣም» ነው ነገሩ። ቀዳዳ አለው፣ አልክድም። ከውጭ የመጣ ሰው በአገሩ ሴት ልጅ ስም፣ አንዳንዴም ለዚሁ ሲል አግብቶ፣ ይይዛል። ይህ የታወቀ ነው፣ ፍርድ ቤት ላይ ማስረዳቱም ከባድ ነው።

ባላገር፦

የደን መሬት ላይ ያለው ቡናስ? ተራራው ግማሹ ደን ተብሎ የተከለለ አይደል?

ሰነድ፦

እሱ የሚሄደው በ2006ቱ የደን መብት ሕግ ነው። ከዲሴምበር 13 ቀን 2005 በፊት ይዞ ሲያርስ የነበረ የነገድ ቤተሰብ እስከ 4 ሄክታር ድረስ በያዘው ልክ ባለመብት ይሆናል። ማመልከቻው ለመንደሩ ጉባኤ ይቀርባል። የጉባኤው የደን መብት ኮሚቴ ማሳው ድረስ ሄዶ ይለካል፣ ጉባኤው ይወስናል፣ ከዚያ ወደ ንዑስ አውራጃ ኮሚቴ፣ በመጨረሻ ወደ አውራጃ ኮሚቴ ይወጣል። ከአንድ በላይ ማስረጃ ይጠየቃል፤ በጽሑፍ የሰፈረ የሽማግሌ ቃልም ይቆጠራል። ጉባኤው ቢከለክል በ60 ቀን ውስጥ ለንዑስ አውራጃው ይግባኝ አለ። ምስክር ወረቀቱ በባልና በሚስት ስም በጋራ ይወጣል፣ ይወረሳል፣ አይሸጥም።

የሚበላሸው ልኬታው ላይ ነው። መሣሪያ የያዘው ሰው የጠራውን ማሳ ብቻ ለክቶ በጥላ ሥር ያለውን ቡና «ደን ነው» ብሎ ይተወዋል። የማሳው ባለቤት ወሰኑን ይዞ አብሮ ካልተጓዘ፣ ሦስት ኤከር የያዘ በአንድ ኤከር ወረቀት ይመለሳል። ተመልሶ ማስለካት ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል።

ደጋማው፦

አውራጃው የተሰየመበት ሰውም በዚሁ በደን ጉዳይ ነው በእንግሊዞች ላይ የተነሣው። የ1882ቱ የማድራስ ደን ሕግ «ፖዱ»ን ከለከለ፤ ፖዱ ማለት ጫካ መንጥሮ፣ አቃጥሎ፣ ጥቂት ዓመት ዘርቶ ወደ ሌላ ቦታ መዞር ነው። ላዩ ላይ ለመንገድ ሥራ በግዳጅ የጉልበት ሥራ መጣ። አሉሪ ሲታራማ ራጁ ራሱ የቆላ ሰው ነው፣ ከነገዶቹ አይደለም፤ ከጎኑ የቆሙት ጋም ጋንታም ዶራና ጋም ማሉ ዶራ ግን የተራራው ልጆች ናቸው። በኦገስት 1922 ቺንታፓሊ፣ ክሪሽናዴቪፔታና ራጃቮማንጊ የሚገኙትን ፖሊስ ጣቢያዎች በተከታታይ ቀናት መትተው መሣሪያ ወሰዱ። ራጁ ሜይ 7 ቀን 1924 ተይዞ ኮዩሩ ላይ ተገደለ።

ማር ወለላ፦

ሁሉ ሰው ስለ ቡና ያወራል፣ ኑጉስ? ከኦክቶበር ማለቂያ እስከ ኖቬምበር አራኩ ሸለቆ ቢጫ የሚሆነው በኑግ አበባ ነው። በቴሉጉ «ቫሊሳሉ» ይሉታል፤ የእጽዋት ሊቃውንት በስሙ ላይ «አቢሲኒካ» ያሉት የእኛው ኑግ ነው። ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ በኦገስትና በሴፕቴምበር፣ ሌላ እህል በማይሸከም ስስ ተዳፋት ላይ ይዘራል። ለአንድ ኤከር 2 ኪሎ ዘር ይበቃል፤ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከአሸዋ ወይም ከደረቀ የፍግ ዱቄት ጋር ቀላቅሎ መበተን ነው፣ ያለዚያ አንድ ቦታ ይከማቻል።

ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት አይጸንስም፣ ንብ ያስፈልገዋል። አበባው ሞልቶ ፍሬው ባዶ የሚሆንበት ማሳ ብዙ ጊዜ ንብ ያጣ ነው። ስለዚህ አበባ ላይ እያለ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ምርቱን በገዛ እጁ ያጠፋል። አጨዳውም ቀን አይሰጥም፤ ራሱ ቡናማ ሆኖ ሲጠቁር በጠዋቱ ጤዛ ይታጨዳል፣ ቀትር ላይ ከተነካ ዘሩ ይረግፋል።

ዳጉሳም አለ። በዚያ በኩል «ቾዲ» ይሉታል። ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ፣ አድሮ፣ ተቀቅሎ «አምባሊ» የሚባል ቀጭን ገንፎ ይሆናል፤ ገበሬው ጠዋት ጠጥቶት ነው ማሳ የሚወጣው። ከመበተን ይልቅ እየተስፋፋ ያለው «ጉሊ» የሚሉት አተካከል ነው፦ በ45 ሳንቲ ሜትር ርቀት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አንድ እፍኝ ፍግ፣ ሁለት ችግኝ። ችግኙ ከያዘ በኋላ ቀላል ግንድ በላዩ ይጎተትበታል። አገዳው ይጎነበሳል እንጂ አይሰበርም፣ ከሥሩም ብዙ ቅጥያ ያወጣል። ጎጃም ላይ ዳጉሳ የምታመርቱ በአንድ ጥግ ሞክሩት።

ባላገር፦

ከላይ «ግንድ ሰርሳሪ» የተባለው እኛ ጋ ያለው ነው?

ቀይ እሸት፦

አይደለም፣ የእስያው ነው፤ ነጭ ግንድ ሰርሳሪ ይሉታል። ሕንድ ውስጥ የአረቢካ ዋና ጠላት እሱ ነው፣ ሮቡስታን እምብዛም አይነካም። ጥንዚዛዋ ፀሐይ የሚያገኘው ግንድ ስንጥቅ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ትሉ እንጨቱን እየቦረቦረ ለወራት ውስጡ ይኖራል። ከውጭ የሚታየው ግንዱን የዞረ እንደ ጅማት ያበጠ መስመር ነው፣ ጣት ሲያልፍበት ይሰማል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ዘግይቷል።

ጥንዚዛዋ የምትበረው በዓመት ሁለቴ ነው፣ ኤፕሪልና ሜይ፣ እንዲሁም ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር። ስለዚህ ከማርች አጋማሽና ከሴፕቴምበር አጋማሽ በፊት ማሳው እግር በእግር ይታያል፤ መስመር ያለበት ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠላል። ለማገዶ ብሎ ቤት ጥግ መከመር ጥንዚዛውን ማርባት ነው፣ ከተከመረው ውስጥ ወጥቶ ይበራል። የቀሩትን ግንዶች ልል ቅርፊት በጆንያ አሽቶ ማለስለስ፣ ከዚያ ከበረራው በፊት 10 በመቶ ኖራ መቀባት፦ 20 ኪሎ ኖራ በ200 ሊትር ውኃ፣ ዝናብ እንዳያጥበው ጥቂት የእንጨት ኮላ ተጨምሮበት። ብረት መፋቂያ አይገባም፣ ሕያው ቅርፊቱን ያቆስላል።

የዳራ ልጅ፦

የፍሬ ሰርሳሪውስ? እኛ ጋ ጀንፈል ላይ አለ።

ቀይ እሸት፦

አራኩ ላይ በ2025 ተገኘ። እስከዚያ ድረስ ከሌላው ደቡብ ሕንድ በተቃራኒ ነፃ ነበር። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጥንዚዛ ናት፣ በፍሬው አፍንጫ በኩል ገብታ ዘሩ ውስጥ ትራባለች። የሚያድናት ዛፍ ላይና መሬት ላይ የቀረ ፍሬ ነው። ለቀማው ሲያልቅ አንድም ፍሬ እንዳይቀር መልቀም፣ ከዛፉ ሥር ሸራ አንጥፎ መልቀም፣ የተበሳውን ፈልቶ የወረደ ውኃ ውስጥ 2 ወይም 3 ደቂቃ ነክሮ ማድረቅ። ከተያዘ መንደር የወጣ ጆንያ ወደ ሌላ መንደር አይሄድም፤ የሚዛመተው ከመብረሯ ይልቅ በጆንያ ነው። አንድ ኤከር ላላቸው ሰዎች ከባዱ ጎረቤት ነው። አንዱ ለቅሞ ጨርሶ ሌላው ከተወ ልፋቱ ከንቱ ነው፣ ስለዚህ መንደሩ ባንድ ቀን መውጣት አለበት።

ሚዛን፦

ከቡና ውጭ ሌላውን ምርት ማን ይገዛል?

ደጋማው፦

በየአካባቢው የተለያየ ቀን የሚቆም «ሳንታ» አለ፣ እንደ እኛ የሳምንት ገበያ። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ቦሎቄ፣ ሁመር፣ ማር፣ የተራራ ሣር መጥረጊያ ይወርዳል። ከነጋዴው ሌላ ከ1956 ጀምሮ የቆመ ጊሪጃን ኮርፖሬሽን የሚባል የኅብረት ሥራ ድርጅት በተቀመጠ ዋጋ የደን ምርት ይገዛል፣ በየመንደሩም ሩዝና የቤት ዕቃ ይሸጣል። ሁመሩ ፍሬው ተለቅሞ ከወጣለት ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቤት ውስጥ በሴቶች እጅ የሚሠራ ሥራ ነው። ዝናብ ሳለ መንገድ የሌላቸው መንደሮች ሸክሙን በትከሻ ነው የሚያወርዱት፤ በሽተኛም ቢሆን ብርድ ልብስ በቀርከሃ ላይ ታስሮ፣ «ዶሊ» በሚሉት፣ እንደ እኛ ቃሬዛ መኪና እስከሚደርስበት በሰው ይወሰዳል። ከቡናውም ከሕጉም በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው ባይ ነኝ።

መሄድ ለምታስቡ፦ አራኩ በቪዛግ ኪራንዱል ባቡር ይደረሳል፣ ከ50 በላይ ዋሻ ያልፋል። ፓዴሩ ባቡር የለም፤ በቾዳቫራምና በማዱጉላ በኩል አውቶቡስ ተራራውን ይወጣል። በሜይ የሞዳኮንዳማ በዓል ሲሆን ማደሪያ አይገኝም።

ማር ወለላ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ኑጉ ሲያብብ ፎቶ ልትነሡ ከሆነ ማሳው የሰው ነው፣ ገበሬዎቹ ጥቂት ሩፒ ያስከፍላሉ። ከፍላችሁ ግቡ፣ በተተወላችሁ መስመር ብቻ ሂዱ። ቅርንጫፉ ለጋ ስለሆነ ተደግፋችሁ የቆማችሁበት እግር ይሰበራል፣ የተሰበረውም ዘር አይዝም።